ውሃ አጣጭ

ራዲዮው፣ "ሌሊቱን ከዜሮ በታች ሰባት" አለና ወደ እህል ዋጋ ዞረ።
ስንዴው ታጭዷል፤ ዳክዬው ሄዷል፤ የዮርክተን ሰማይ ዝቅ ብሎ አደረ፤
ኩሬው ዳር ዳሩን እንደ ወተት ስልባቦት አወጣ፤
ካራቫኑ ብቻ ከጋራዡ ጥግ፣ ሆዱ ውሃ እንዳዘለ ቀረ፣
ጉድ ሊያመጣ።

ውሃ ሲረጋ ይፋፋል፤ ሲፋፋ ቤቱ ይጠበዋል፤
መዳቡን ይሰነጥቀዋል፣ ፕላስቲኩን ያፈርጠዋል፤
ይህን የሚነግርህ ግን በረዶው ሲቀልጥ ነው፣
በሚያዝያ፣ ወለልህ ሲዋኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ይህ ሥራ የኦሬስት ነበር፤
እኔ የማውቀው ከኩሽና መስኮት ጀርባውን ነው፣
ከብሎን ጋር ሲማከር፣ ከቧንቧ ጋር ሲከራከር።
ዘንድሮ በመጋቢት ስትሮክ መጣና ቀኝ ጎኑን አስተኛ፤
ከሁለት ቋንቋ አንዲት ቃል ፍርፋሪ ተወለት፤
"ሌላ።"
ሾርባ ሲያምረው "ሌላ"፣ ሲጠግብም "ሌላ"፤
ለውሻው፣ ለነርሷ፣ እኩለ ሌሊት ለኔ፣ "ሌላ"።

ብርድ ልብስ ደራርቤ፣ በታጣፊ ወንበር፣ ከካራቫኑ ጎን አስቀመጥኩት፤
ከዘራውን ለግራ እጁ ሰጠሁት፤
በካርቶን ክዳን የጻፋትን፣ ቅባት የጠጣች ዝርዝሩን
ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ እንደ ተማሪ።
"ጋዙን ዝጋ። ይቀዝቅዝ። ውታፉን ንቀል። ፊትህን አሽሽ።"
ለራሱ ነው የጻፈው፤ "ዝጋ" ነው የሚለው፣ "ዝጊ" አይልም፤
እኔ በዚያ ካርቶን ላይ የለሁም።

ውታፉን ነቀልኩ። ፊቴን ለማሸሽ ዘገየሁ።
የበጋው ሐይቅ፣ የልጅ ልጆቹ ሳሙና፣ የሐምሌ ለብታ
ተንደቅድቆ ወረደ፣ ጫማዬን ሞልቶ፤
ከውታፉ ጋር የተያያዘው ዘንግም ወጣ፣
ምስጥ እንደበላው እንጨት ተቦርቡሮ፣ ተግጦ።
ዝገት ጋኑን ትቶ እርሱን እንዲበላ ነው እዚያ የሚቀመጠው።
ኦሬስት አየው። እኔም አየሁት።
ሣሩ ላይ አጋደምኩት።

ከዚያ ማለፊያ መዘውሩን አዞርኩ፣
አለዚያ ማሞቂያው ያን ሁሉ ፀረ-በረዶ ብቻውን ይጨልጠዋል።
ፓምፑ ጀሪካኑን ጠባ፣ አጉረመረመ፤
የኩሽናው ቧንቧ ተፋ፣ አስነጠሰ፣
ከዚያ ሮዝ አለቀሰ፣
የሠርግ ኬክ ክሬም የመሰለ ሮዝ።
ሙቁን፣ ቀዝቃዛውን፣ ገላ መታጠቢያውን፣ ሽንት ቤቱን፤
ለየማፍሰሻው አንዳንድ ኩባያ።
ካርቶኑ አለቀ። "ጨረስኩ!" አልኩት፣
እጄ ደንዝዞ፣ ኩራት ቢጤ ይዞኝ።

"ሌላ" አለ።
"ሾርባው ቤት ነው፣ ትንሽ ጠብቅ።"
"ሌላ!"
"ሌላ የለም፣ ኦሬስት!"
ከዘራውን አነሳና የካራቫኑን ጎን ሦስቴ መታው፤
ውሻው ጮኸ፤ ቆርቆሮው ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ፤
ሰባት ወር ያልወጣኝ ሁሉ ወጣኝ።
እርሱ ግን ያንኑ ቦታ ይመታል፤
ከጎማው በላይ፣ የመዳፍ ስፋት ያላት በር፣
የልጆቹን አሸዋማ እግር የምናጥብባት፣ የውጪው ሻወር።

ከፈትኳት። ቱቦዋ እንደ ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች።
ቧንቧውን ስለቀው ንጹሕ ውሃ መጣ፣ ጥቂት፣ የበጋ ትራፊ፤
ቀጥሎ ሮዝ።

ውሃ አጣጬ በግማሽ ፊቱ ሳቀ።
ዝርዝሩ ላይ ያልጻፋት
እርሱ መቼም ስለማይረሳት ነው።

ማታ እስክሪብቶ አንስቼ ካርቶኑን አረምኩ፤
"ዝጋ"ን "ዝጊ"፣ "ንቀል"ን "ንቀይ"፣
ከግርጌም፣ "የውጪው ሻወር"።
ቦታው አልበቃም፤ ፊደሉ ታጥፎ በጠርዙ ሽቅብ ወጣ።
"ሌላስ?" አልኩት።
አሰበ። ረጅም ጊዜ አሰበ።
ራሱን ነቀነቀ።

ካራቫኑ ውስጥ፣ ምድጃው ላይ፣ ማንቆርቆሪያዋ
እስከ አንገቷ ውሃ እንደያዘች ትዝ ያለኝ
አልጋ ከገባን፣ እግሩ ከሞቀ በኋላ ነው።
ብርዱ መስኮቱን ይቧጥጣል።
ትፈንዳ፤ አልተነሳሁም፤
ለእርሱም አልነገርኩትም።